ክብርት ሰብሳቢ

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ሰው ፊት መናገርም ስለማልችል ስለ አጎቴ በልቤ ያለውን ልጻፈው ብዬ ነው።

አጎቴ ቡሬ አጠገብ ባለች ቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ እኔም አብሬያቸው እኖር ነበር። ለባለሙያዎች የትምህርት ዕድል ሲመጣ ፍኖተ ሰላም ሄደው ማስታወቂያውን በእጃቸው ገልብጠው ይመጣሉ። ወጪውን መሥሪያ ቤቱ ይችላል፤ የሚያልፈው ግን አንድ ሰው ነው። ለቃል ፈተናው ለመለማመድ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ይጠይቁኝ» ይሉኛል፣ እኔን ልጅቱን የፈታኞቹ ሰብሳቢ አድርገው፣ አንቱ እያሉ።

መሬት መሬት እያየሁ «ዕድሉን ለምን ለእርስዎ እንስጥ?» እላለሁ።

«ገበሬው በቆሎዬን ምን በላብኝ ሲለኝ፣ ጠይቄ ልምጣ ማለት ስለሰለቸኝ ነው።»

«ዕድሜዎስ?»

«እሱን ገበሬው ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሦስት ጊዜ ተወዳድረው አላለፉም። ባለፈው ክረምት አራተኛውን ሲጠብቁ ታመው ዐረፉ። በርጩማው አሁንም ደጃፍ ላይ ነው፤ ላስገባው ብዬ እነሣና እተወዋለሁ። ሰብሳቢ ስሆን ካልሆነ ድምፄ የሚሰማበት ቦታ አልነበረኝም። አሁን አንድ ቃል ሳልናገር የሚመሽበት ቀን አለ።

በአርባቸው ማግስት አብራቸው ትሠራ የነበረች ወጣት ባለሙያ መጣች። ለዚያው ዕድል ተመዝግባለች። በርጩማው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ ነግረውኛል» አለችኝ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ እስኪ እኔንም ይጠይቁኝ።»