አንድ የውድድር ዘመን

ቶሮንቶ የመጣሁት ጦርነቱ ጋብ ካለ በኋላ ነው፤ ቀድሞኝ የመጣው አባቴ ስፖንሰር አድርጎኝ። ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማው በባስ እየተመላለስኩ ኮሌጅ ጀመርኩ። ደሴ እያለሁ ቅርጫት ኳስ እጫወት ስለነበር ለኮሌጁ ቡድን ተሞክሬ አለፍኩ። መጀመሪያ ተቀያሪ ነበርኩ፤ በረዶው ሳይቀልጥ ቋሚ ተሰላፊ ሆንኩ። አባቴ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር እየመጣ ከላይኛው ረድፍ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ሊጀመር ሲል የቡድኑ ተጫዋቾች ሁላችንም የጤና ምርመራ አደረግን። ደረቴን ያዳመጠችው ሐኪም ደግማ አዳመጠችና ወደ ልብ ስፔሻሊስት ላከችኝ። እሱም ምስሉን እያሳየኝ የልቤ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈሩን ነገረኝ። እኔን ግን ምንም አላመመኝም፤ ትናንት እንኳ ስሮጥ ነው የዋልኩት።

«ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» አለኝ።

«አለ፣ ወንድሜ» አልኩት። ከደሴ በእግር ስንሸሽ ታላቅ ወንድሜ የእናታችንን ጓዝ ተሸክሞ ዳገት እየወጣ ሳለ ወደቀ፤ አልተነሳም። ጥይት አልነካውም፤ ተኩሱም ሩቅ ነበር። ድካም ነው፣ ድንጋጤ ነው ተባለ። መንገድ ዳር ካለ ቤተ ክርስቲያን ቀብረነው ጉዟችንን ቀጠልን። ኳስ ያስተማረኝ እሱ ነበር። አንዳንዴ ሲሮጥ ደረቱን ይዞ ቆም ይላል፤ «ሲጋራው ነው» እያልን እንስቅበት ነበር።

ሐኪሙ ስሮጥ ልቤ በድንገት ሊቆም እንደሚችል ነግሮኝ እንዳልጫወት ከለከለኝ፤ አሰልጣኙ ይህን ሲሰማ አዘነ። «ከቡድኑ አትለይ፣ አግዘኝ» አለኝ። ጥቂት ጨዋታ ሱፍ ለብሼ ተጠባባቂዎቹ ጎን ተቀመጥኩ። በእኔ ቦታ የገባው ልጅ ጎበዝ ነው። ኳስ ባስገባ ቁጥር አብሬ አጨበጭባለሁ፤ ቦታው ግን የኔ ነበር። ጨዋታ መሄዱን ተውኩ። ብዙም ሳልቆይ ትምህርቱንም ተውኩት። አሁን ሬክስዴል የሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ኮድ የሚያነብ ስካነር ይዤ ስዞር እውላለሁ፤ ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ ተከልክያለሁ።

ሐኪሙ ሀገር ቤት የቀረችው እናቴም መመርመር እንዳለባት ስለነገረኝ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ወንድሜን የገደለው ድካም አይደለም» አልኳት። «ልቡ ነው። የኔም እንደሱ ነው።»

 «ልቡ?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ።

«ያን ሁሉ ጓዝ ያሸከምኩት እኔ ነኝ» አለች።

በዘር የሚመጣ ነው፣ ባይሸከምም ሊወድቅ ይችል ነበር ብዬ አስረዳኋት። አልሰማችኝም። እስከዚያ ቀን የምትረግመው ጦርነቱን ነበር፤ እኔ በአንድ ስልክ ያንንም ነጠቅኳት። አሁን ስደውል የኔን ጤንነት ትጠይቃለች፣ ስለ እሱ ግን አታነሳም። «ምርመራውስ?» ስላት መልሷ አንድ ነው።

«ለምኔ ብዬ ልጄ?»