ጋሼ ዘውዱ የህንድን ወግ ያወጉን ማታ

ልጅ ሳለሁ፣ ሞጣ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ያኔ ኩራዙ ይለኮሳል፣ የምድጃው ፍም ይቆሰቆሳል፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ የአባቴ አጎት ጋሼ ዘውዱም ወግ ይጀምራሉ። ቢቸና ተማሪ ሳሉ ህንዳዊ አስተማሪያቸው የነገሯቸውን ያወሩልን ነበር፦ ላም እንደ እናት እንደምትከበር፣ ነፍስ ከሞት በኋላ ሌላ ገላ ለብሳ እንደምትመለስ፣ የዛሬ ኑሮ የቀድሞ ሥራ ዋጋ ነው እንደሚባል። እኔም ድመታችንን ይዤ «ቀድሞ ማን ነበርሽ?» እያልኩ መከራዋን አሳያት ነበር።

አንድ ምሽት ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ጥሩ ከገበያ ስትመለስ ዝናብ ይዟት፣ ከልጇ ከማሬ ጋር ቤታችን ተጠለለች። እንደ ልማዷ በሩ ሥር ተቀመጠች። እናቴ ለእሷ ብቻ በምታስቀምጠው ጣሳ ውኃ ሰጠቻት። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ስለሚባል በእኛ ብርጭቆ አትጠጣም፤ ውኃው የተቀዳበትን እንስራ ግን የሠራችው እሷ ነበረች። ያኔ ይህ ለማናችንም እንግዳ ነገር አልነበረም።

ጋሼ ዘውዱ የዚያን ዕለት ያወጉን ህንድ ውስጥ ሰው ገና ሲወለድ በመደብ እንደሚለይ ነበር። ካህኑ ከአምላክ አፍ፣ ተዋጊው ከክንዱ፣ ነጋዴው ከጭኑ፣ ሠራተኛው ከእግሩ ወጣ የሚል የቆየ እምነት አለ። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የተደረጉ፣ መንካታቸው ያረክሳል የሚባሉም አሉ። ሕግ ቢከለክለውም ልማዱ አልለቀቀም አሉን።

እናቴ ከልቧ አዘነች። «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ጋሼ? ሰው ሰውን እንዴት ይጠየፋል?»

«እነዚያ ሰዎች ሲጠማቸው በምን ይጠጣሉ?» አለች ማሬ።

«ለብቻ በተለየላቸው ዕቃ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ዘውዱ።

ማሬ እናቷ የያዘችውን ጣሳ አየች። «እንደ እኛ ማለት ነው» አለች። የገባትን መናገሯ ነበር እንጂ ክፋት አልነበረባትም።

እትዬ ጥሩ ልጇን ተቆጥታ በዚያ ዝናብ ልትወጣ ተነሣች። እናቴ ፈጥና ክንዷን ያዘቻት። «ተቀመጪ ጥሩ፣ የትም አትሄጂም» አለቻትና ጣሳውን ተቀብላ የተረፈውን ውኃ ጠጣችው። እትዬ ጥሩም ተመልሳ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩ በብርጭቋችን ጠጣች፤ አንዳንድ ጎረቤቶቻችንም ይህን ሲሰሙ ቤታችን እህል ውኃ መቅመስ ተዉ። እናቴን ሰው ሲያወድሳት ጭፍን ልማድ ያልነካት ደፋር ያደርጋታል። እኔ ግን ያኔ አጠገቧ ነበርኩ። ቡዳን ከማናችንም በላይ የምትፈራው እሷ ነበረች፤ ያን ውኃ እየፈራች ጠጣችው።