የተሰበረው የአቦይ ነበር

አያቴን አቦይ ነበር የምንላቸው። አስመራ፣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ካለው ቡና ቤት ከሥራ ሲመለሱ የፎርማጆ፣ የጣሊያን አይብ፣ ቁርጥራጭ በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልን ነበር። ትምህርት ቤታችን ወደ አማርኛ በዞረበት ዓመት ስስ የፎርማጆ ቂጣ አሠራር አስተማሩኝ፤ ፎርማጆውን ፈቅፍቆ መደበር፣ የቁርጥራጭ ብረት ገበያው ውስጥ፣ በተሠራችው ትሪያቸው ላይ በትንሽ በትንሹ መበተን፣ ቀላ እስኪል ፎርኖ ውስጥ መጋገር፣ ከዚያ መጠበቅ። መጠበቁ ነው ያቃተኝ። በትኩሱ ላነሣ ስል ይሰበርብኛል።

«ጽንሒ ጓለይ! ቆዪ ልጄ፣ ሲበርድ ራሱ ይነሣልሻል» ይሉና የተሰበረውን እሳቸው ይበሉታል። ደህናው የእንግዳ ነው።

አርባቸው በወጣ ማግስት እንግዳ መጣና ጋገርኩ። እስኪበርድ ጠበቅኩ። አንድም አልተሰበረም። ላሳያቸው ትሪዋን ይዤ ወደ ወንበራቸው ዞርኩ።

አንዱን በእጄ ሰብሬ ወንበራቸው አጠገብ አስቀመጥኩላቸው።