ጎጀብ ድረስ የተያዘ ወንበር

ልጄ ሕይወት ባለፈው እሑድ በስልኬ አንድ ሥዕል ላከችልኝ። አዲስ አበባ በአንድ የዲዛይን ቢሮ መሐንዲስ ናት። እኔ ቦንጋ የምኖር ጡረተኛ አስተማሪ ነኝ፤ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትደውልልኛለች። አሁን የያዘችው ሥራ የባቡር ጣቢያ ነው። አንዱ ባቡር ከከተማ ዳር ሠራተኛውን ጭኖ ይመጣል፤ ሌላው ከመሬት በታች ከተማውን ያቋርጣል፤ እሷ የምታቅደው ሰው ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው የሚሳፈርበትን ቦታ ነው። «መቼ ነው የሚሠራው?» ብላት «ለወደፊት ነው አባዬ» አለችኝ። ይሁን፣ የወደፊቱን የሚያስብ ሰው አይጥፋ።

«ደረጃ የለውም» አለችኝ። «ከዚህኛው ስትወርድ ያኛው ፊት ለፊትህ ቆሟል፤ መሻገር ብቻ ነው። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው። ከውጭ የሚመጣው ቢዘገይ የከተማው ይጠብቀው ወይስ ይሂድ? አለቃዬ ይሂድ ባይ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

እኔ ምን እላለሁ! ስለ ባቡር የማውቀው የለኝም። መኪና መቀየር ግን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ መንገድ ያለብኝ ቀን ቁርስ አይወርድልኝም፤ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ እነሱ ያን ቀን አላዩትም።

ያኔ የምንኖረው ሺሺንዳ ነበር። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ። የእናቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋት፤ ቀጥሎ ጓሮ ያለው እንሰት፤ በመጨረሻም የእኔ ፊት። ስገባ በኮቴዬ ነበር የምትለየኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቤታችን ድረስ መጣ። ጅማ የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ሞራ ይገፍፋሉ፤ ነገ ጅማ ገብታችሁ በማግስቱ ጠዋት ካልታየች ግን ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚመጡ እግዜር ይወቅ አለን።

ከሺሺንዳ ጅማ በአንድ መኪና አይገባም ነበር። ላንድሮቨር ቦንጋ ያደርስሃል፤ እዚያ ወርደህ የጅማውን አውቶቡስ ትይዛለህ። እሱም በቀን አንድ ነው፤ ከሞላ ማንንም አይጠብቅም። ትኬት አስቀድሞ መቁረጥ የሚባል ነገር ስላልነበረ ወንበር የሚያዘው በሰው ነው። ቦንጋ ዘመድ ያለው በሾፌር መልእክት ይልካል፤ ዘመድየው ማልዶ ሄዶ አውቶቡሱ ውስጥ ይቀመጥለታል፤ ባለቤቱ ሲደርስ ይነሳለታል። ለጠየቀ ሁሉ መልሱ «ሰው አለው» ነው። ኮቱን ጥሎ የሚወርድ ካለ ሞኝ ነው፤ ረዳቱ ኮቱን አንስቶ ሌላ ሰው ያስቀምጥበታል።

እኛም ለአጎቴ ለጋሽ ገብሬ ላክን። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። ቁጡ ነው፤ ቃሉን ግን አያጥፍም። «ሁለት ወንበር ያዝልን፣ የእህትህ ዓይን ነገር ነው» አልነው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረና ላንድሮቨሩ ውሽውሽ ሳይደርስ ጭቃ ዋጠው። ወንዱ ሁሉ ወርዶ ገፋ። እኔ እየገፋሁ ዓይኔ ሰማዩ ላይ ነበር፤ ፀሐይዋ ከደመናው ወጣ ባለች ቁጥር ‹በቃ አውቶቡሱ ሄደ› እላለሁ። ተመልሼ ስገባ እናቴ ከኮባ ቅጠል ቆጮ ፈትታ ዘረጋችልኝ።

«ብላ።»

«አልራበኝም እማዬ።»

«ሆድህ ሲጮህ እየሰማሁ? የጠፋው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ አለ» አለችኝ።

አንድ ጉርሻ አፌ ከተትኩ፤ የቀረውን መልሼ በቅጠሉ ጠቀለልኩት። የሻይ ተክሉ በግራ በቀኝ ተከርክሞ ተኝቷል፣ ቀስ ብሎ ጉም ያልፍበታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚል አገር ነው። ያን ቀን ጉሙም ሆነ ሻይ ተክሉ ሆን ብለው የሚያዘገዩኝ መሰለኝ።

ቦንጋ ደረስን። ላንድሮቨሮቹ የሚያራግፉት ከታች ከገበያው ጥግ ነው፤ የጅማው አውቶቡስ የሚነሳው ከላይ ካደባባዩ። በመካከሉ ዳገት አለ፣ ዳገቱ ደግሞ ጭቃ። ይህን ማን እንዳቀደው አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አላቀደውም። እናቴ የኮቴን ጫፍ ይዛ፣ እኔ ለሐኪሞቹ የያዝነውን የማር ቅል ታቅፌ ወጣን። እንደ እናቴ ሰው የሚያውቃት ደግሞ የለም! በየደጃፉ «እንዴት አደርሽ?» ይሏታል፤ እሷም ቆማ የልጁን፣ የከብቱን፣ የታመመውን ሁሉ ትጠይቃለች።

«እማዬ በእናትሽ፣ መኪናው!»

«ሰላምታ ሳልመልስ ልለፍ? ደግሞ ወንድሜ እዚያ የለም እንዴ? ምን ያርበተብትሃል?»

አደባባዩ ላይ ስንደርስ አውቶቡስ የለም። በነበረበት ቦታ የጎማው ፈለግ ውኃ ቋጥሯል። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ታየናለች።

«እትዬ፣ የጅማው ሄደ?»

«አሁን ነው የሄደው። እናንተ የጋሽ ገብሬ ሰዎች ናችሁ?»

«አዎ፤ እሱስ የታለ?»

«አብረው ሄዱ!»

«የት?»

«ወደ ጅማ ነዋ! ሾፌሩ ይውረዱ ቢላቸው ‹ሰው አለው፣ አሁን ይደርሳሉ› አሉ። ሁለት ወንበር ላይ ተዘርግተው ሞተር ሲነሳም አልወረዱም። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ ሱቃቸውን ክፍት ትተው ይኸው ሄዱ።»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ዕንባዬ መጣ። ሰው የሌለው ወንበር ምን ያደርግልናል? ዓይኗ ጅማ ሳይደርስ ቦንጋ ጭቃ ላይ ቀረ አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ግን መሳቋን ትታ በካፍኛ «ገብሬን አውቀዋለሁ፤ ከያዘ አይለቅም። መኪና ፈልግ» አለችኝ።

አቶ ጀማል የሚባል የቡና ነጋዴ ጭነቱን አስሮ ሊነሳ ሲል ደረስኩበት። ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ጋቢናው ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ አለው። «እናት ይግቡ፣ አንተ ከላይ ውጣ። አላህ ካለ ጎጀብ ላይ እንደርስበታለን፤ እዚያ ምሳ ይበላሉ» አለኝ።

ከቡናው ጆንያ ላይ ሸራ ተሸፍኜ ተንጋለልኩ። ኮረሪማም ጭኖ ነበር፤ ዛሬም ኮረሪማ ሲሸተኝ ያ ፍርሃት ይመጣብኛል። ጊምቦን አልፈን ወደ ጎጀብ ስንወርድ ብርዱ ለቆን ሙቀት መጣ። በየመታጠፊያው አንገቴን አሰግጋለሁ፤ አውቶቡስ የለም፣ መንገድ ብቻ። ጋቢና ውስጥ እናቴ ምን እያሰበች እንደሆነ አላይም። እግዚአብሔርን ‹ዘንድሮ ብቻ› እያልኩ ለመንኩት፤ ለከርሞው ሌላ እንደማልጠይቀው ቃል ገባሁለት።

ጎጀብ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆሟል። ሞተሩ ግን ተነስቷል፤ ተሳፋሪው ገብቷል፤ በሩ ላይ ግርግር አለ። አጎቴ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ሆኖ ረዳቱን ገትሮ ይዞታል። ላቡ በሜትሩ ላይ ይወርዳል።

«ሰው አለው አልኩህ!»

«አባት፣ ከቦንጋ ጀምሮ ሰው አለው ይላሉ! የታለ ሰውየው?»

«እህቴ ናት! ዓይኗ አያይም! ይኸው ከኋላ ይመጣሉ!»

እሱ እኛን አላየም እኮ! መምጣታችንንም የነገረው የለም። ዝም ብሎ ነው የሚለው። ከጆንያው ላይ «ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ አንዲት ደስታ በፊቱ አለፈች፤ ወዲያው ተቆጣ። «የት ቆይታችሁ ነው? ሽንቴን እንኳ ሳልሸና!» ብሎ አምባረቀብኝ።

እናቴን ደግፈን አስገባናት። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ከኛ አጠገብ ልጅ የታቀፈች ሴት «በሽተኛ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው?» አለች። ልጇ በትኩሳት ፊቱ ቀልቷል። እሷም የምትሄደው እዚያው ሐኪም ቤት ነበር፤ አጎቴ ያቆመው አውቶቡስ እሷንም አቁሟታል። አፈርኩ። እናቴ በእጇ ዳስሳ የልጁን እግር አገኘችና ጭኗ ላይ አደረገችው። «ይቅር በይን ልጄ» አለቻት። ጅማ እስክንገባ አለቀቀችውም።

አጎቴ ሦስተኛ ወንበር ስላልነበረው ወረደ። በመስኮቱ የእናቴን እጅ ይዞ «ሱቁን ክፍት ትቻለሁ፣ ልመለስ» አላት። ወደ ቦንጋ የሚመለስ መኪና ይኑር አይኑር አያውቅም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ዞሬ አየሁት፤ ጭሱ መሐል ሜትሩን አንጠልጥሎ ቆሟል።

በማግስቱ ሞራዋ ተገፈፈላት። ስንመለስ ገና እኛ ቤት ሳንሄድ የአጎቴ ሱቅ ገባች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። «ገብሬ፣ ጠጉርህ መቼ ነው እንዲህ የነጣው?» ብላ አለቀሰች። እሱም የሚሰፋው ሱሪ ላይ አጎንብሶ አለቀሰ። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ይህን ሁሉ ለሕይወት በስልክ አወራኋት።

«እንግዲያው ይጠብቅ ነው የምትለው?»

«እንጃ ልጄ። የዚያች ሴት ልጅም ትኩሳት ነበረበት። ባቡሩን አንቺ ታውቂያለሽ። የወረደው ሰው ግን ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን አይቅር።»

«እሺ አባዬ፣ አስብበታለሁ። ሥዕሉን አየኸው አይደል? ቢጫው መስመር ታየህ? በእግር የሚዳሰስ ነው፤ ለማያዩ ሰዎች።»

ስልኩን አራቅኩት፣ አቀረብኩት፣ መነጽሬን ጠረግኩ። ካለፈው ክረምት ወዲህ የማየው ጉም ነው። ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእናቴ አይቼዋለሁ። የምፈራው ሐኪሙን አይደለም፤ መንገዱን ነው። ለዚህ ነው ለማንም ያልተነፈስኩት።

«አልታየኝም» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይቷል።»

«ወይ አባዬ! ነገ እመጣለሁ። እኔ ራሴ እወስድሃለሁ።»

«ሥራሽን አትፍቺ። ጅማ ድረስ ብቻዬን እመጣለሁ። ብቻ እዚያ ወደ አዲስ አበባው መኪና መቀየር አለ፤ ያ መናኸሪያ ደግሞ…» ሽማግሌ ሰው ‹ፈራሁ› ማለት ይከብደዋል።

«ጅማ እመጣለሁ» አለችኝ። «ቀድሜህ ገብቼ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ። እስክትደርስ አልነሳም።»

ይኸው ዛሬ መንገደኛ ነኝ። ቦርሳዬ በሩ ላይ ነው፤ ከውጭ ባጃጁ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ቁርሴን በልቻለሁ።