ወንድሜ የለካው የሞጣ ሰማይ

ሰው ምን ታጠኛለሽ ሲለኝ «ብናኝ» እላለሁ። «አቧራ ነው?» ይሉኛል፤ ይስቃሉ። አዎ፣ አቧራ ነው። ጭስም ነው፣ ከአባይ በረሃ የሚነሳ የሣር ቃጠሎ አመድም ነው። አንዱን ለብቻው ዓይን አያየውም፤ ሲበዛ ግን የፀሐይን ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል። በበጋ ቢቸና ላይ ቆማችሁ ሰማዩ እንደ አጓት ነጣ ብሎባችሁ ከሆነ እሱ ነው።

ገበሬውን የሚያስጨንቀው የሰማይ መንጣት አይደለም፤ ደመና መጥቶ ሳይዘንብ ማለፉ ነው። እሱም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። የደመና ውሃ ጠብታ የሚሆነው ብናኝ ላይ ተሰብስቦ ነውና ብናኙ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ይከፋፈላል። ለአንድ ማኅበር በተጠመቀ ጠላ ላይ የሦስት ደብር ሰው እንደመጣበት ቁጠሩት፤ ለሁሉም አንዳንድ ጉንጭ ይደርሰዋል፣ የሚጠግብ ግን የለም። ጠብታው ያንሳል፣ ከብዶ አይወርድም፣ ደመናው ዝም ብሎ ያልፋል።

ለሦስተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር፤ የአባይ በረሃ ጭስ ቢቸና ላይ ይቀራል ወይስ ተሻግሮ ሞጣ ይደርሳል? ይህን ለማወቅ ሁለቱም ከተማ ላይ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መለካት ያስፈልጋል። ሁለት መለኪያ ተሰጠኝ። እያንዳንዷ የእጅ ባትሪ የምታክል ሳጥን ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ፀሐይ ታዞሯታላችሁ፣ የደረሰውን ብርሃን በቁጥር ታሳያለች። የጎደለው መንገድ ላይ ተበትኗል ማለት ነው።

ቢቸና እናቴ ቤት ስለምኖር የቢቸናውን እኔው ያዝኩ። የሞጣዋን ለማን እንደምሰጥ አንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ታላቅ ወንድሜ ሞጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ እዚያው አግብቶ ወልዷል። ልጅ ሳለሁ ደብተሬን የሚያርምልኝ እሱ ነበር። የቀዳሁት መልስ ካገኘ «ይሄ ከማን ነው?» ብሎ ደብተሩን እስከ ደጅ ይወረውረው ነበር። እንደሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል!

አንድ ነገር ደጋግሜ ነገርኩት። ደመና ካለ «ደመና» ብለህ ጻፍ፤ ካልለካህ ባዶ ተወው። ባዶ ነውር አይደለም አልኩት። «እታለም፣ እኔን ነው ሒሳብ የምታስተምሪኝ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በየቀኑ እደውልለት ነበር። እዚህ ላይ የእኔም ጥፋት አለ፣ አልክድም፤ ደስታዬ አያስችለኝም፣ የእኔን ቁጥር ቀድሜ እነግረዋለሁ። «እኔ ይህን ያህል፤ አንተስ?» እሱም ትንሽ ከፍ ወይ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይነግረኛል። በወሩ መጨረሻ ገጹን በስልክ አንስቶ ይልክልኛል፤ ያ የማውቀው ቀጥ ያለ የአስተማሪ ጽሑፍ፣ አንድ ስርዝ የለበት።

ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። ሁለቱን አምዶች መስመር አድርጌ ስስላቸው መንታ ሆኑ። ቢቸና ሲደፈርስ ሞጣ ይደፈርሳል፣ ቢቸና ሲጠራ ሞጣ ይጠራል። ባሕር ዳር ላይ በተደረገ ጉባኤ ቆሜ «ጭሱ በዕለቱ ይሻገራል» ብዬ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። አማካሪዬ፣ ሰው ማመስገን የማይወዱት ሰውዬ፣ «ይሄ ብቻውን ያስመርቅሻል» አሉኝ። ለወንድሜ ደውዬ አለቀስኩለት። እሱም «ጎሽ!» አለኝ። እኔ ሳለቅስ ሰምቶ፣ ጎሽ!

ጉዱን ያወጣው ግብርና ጽሕፈት ቤቱ ነው። ሰማዩን ስትለኪ ኖረሽ እኛም እንወቀው እንጂ አሉኝና ለገበሬው የሚነበብ አጭር ጽሑፍ በአማርኛ ላዘጋጅ ተቀመጥኩ። ቅጻችን በፈረንጅ ቀን ነበር የሚሞላው። ገበሬ የፈረንጅ ቀን ምን ያደርግለታል? አንድ በአንድ ወደ እኛ ቀን መመለስ ጀመርኩ። የካቲት ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

የአባታችን የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። በእኔ አምድ ባዶ ነው። በወንድሜ አምድ ቁጥር አለ።

ወንድሜ እኮ ያን ቀን ሞጣ አልነበረም! በዋዜማው ቢቸና መጥቶ ዳሱን የጣለው እሱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ካህናቱን ሲያስተናግድ ነበር። እንዲያውም እኔ መለኪያዬን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ እጄን ይዞ «ዛሬስ ሰማዩ ይቆይ፣ አባታችንን እንሸኝ» ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ይሁን ብዬ ተውኩት።

በስመ አብ ብዬ ካልኩሌተር አነሳሁ። ቁጥሩ ከተዝካሩ በፊትና በኋላ እኔ የለካኋቸው የሁለቱ ቀኖች ትክክል መሐል ላይ ነበር። ሌሎቹንም አየሁ። አንድ ቀን ከእኔ ጥቂት ከፍ፣ በማግስቱ ጥቂት ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ። ሁለት በጋ ሙሉ ሞጣ ብዬ የሣልኩት ቢቸናን ነበር። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለራሴ ጥላ ነበር። የያዘኝ ንዴት ብቻ አልነበረም፣ እፍረትም ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ለእኔ የተባለ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

በነጋታው በጠዋቱ መኪና ሞጣ ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፤ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ በልቤ ሌላ ነገር ሳሰላ ነበር። ያችን አንድ ቀን ባዶ ባደርጋትስ? ሌላውን ማን ያውቃል? ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ ግን እኔ አውቃለሁ አልኩ።

ቅዳሜ ስለነበር ቤት አገኘሁት። ሳያየኝ ድምፄን ሰምቶ ሮጦ ወጣ፣ ጉንጬን አገላብጦ ሳመኝ። ሚስቱ ወዲያው ገበታ ዘረጋች። እኔ ግን ሳልቀመጥ «መለኪያዋን አሳየኝ» አልኩት።

«ምነው በሰላም?»

«አሳየኝ።»

ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረዳት። ቦርሳዋ ላይ የተኛው አቧራ እኔ የማጠናው ዓይነት አይደለም፣ በጣት የሚጻፍበት ነው። «የባትሪ ድንጋዩን መቼ ቀየርክ?» አልኩት። «በየወሩ ነዋ» አለኝ፤ ዓይኑን አላሸም። ክዳኑን ስከፍት እኔ ራሴ የከተትኳቸው ድንጋዮች አሉ፤ አብጠው፣ ዝገው፣ ነጭ ጨው ተፍተው ከሽቦው ጋር ተጣብቀዋል። ሚስቱ አየችና ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ተዝካር ዕለት ሞጣን ማን ለካው?» አልኩት።

በመጀመሪያ አልገባውም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስነግረው ግን ፊቱ ጠቆረ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እታለም ስሚኝ። ሁለት ሳምንት ያህል በደንብ ለክቻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ፈረቃ ሲቀየር ተማሪ ይዞኝ ረሳሁት። አንች ደውለሽ ቁጥርሽን ነገርሽኝ። ባዶ ነው ማለት አፈርኩ፤ ያንኑ ትንሽ ቀንሼ አልኩሽ። ‹ተመሳሰለ!› ብለሽ በደስታ ጮኽሽ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላማ እንዴት ልመለስ?»

«ሁለት ዓመት?»

«ምን ጎዳሁሽ ታዲያ? ሰማይ እኮ አንድ ነው። ቢቸናም ሞጣም ያው ሰማይ ነው።»

«አንድ መሆን አለመሆኑን እኮ ነው የጠየቅሁህ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል፣ ይስማ። «ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም። እሱን አንድ ነገር ብቻ!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ መኪና ውስጥ ያሰብኩትን ያንኑ ነገር ተናገረው። «ያችን ቀን ባዶ አድርጊያት፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ማን ይደርስበታል? ተመረቂ፣ አባታችንም አፈር ውስጥ ሆነው ይደሰቱ።»

ከቁጥሩ ይልቅ ይኸኛው አቃጠለኝ። መዋሸቱን ስንፍና ብዬ ልተወው እችል ይሆናል፤ አሁን ግን እኔንም አብሬው እንድዋሽ እየጠየቀኝ ነው፣ ያውም በአባቴ ስም። ደብተሬን ደጅ የወረወረው ሰው! እንባዬ መጣ፤ ግን አፌን አልያዘኝም።

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊቱ አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። «ተይ፣ እባክሽ ወንድምሽ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ይሰማል» እያለ እጁን ዘረጋ። ደንቆኛል፤ አሁንም ስለ ራሱ ነበር የሚያስበው። ስሙን አልጠራሁም። የሞጣው አምድ የፈጠራ መሆኑን፣ አንዱም ቁጥር እንደማያገለግል፣ ባሕር ዳር የተናገርኩትንም በጽሑፍ እንደምሽር ነገርኳቸው።

«መመረቁ ቀረ ማለት ነው» አሉ አማካሪዬ። «ገባኝ» አልኩ።

«እንግዲህ ከዜሮ ነው። መለኪያ አንቸገርም። ቢቸና አንች አለሽ። ሞጣ ላይ የምታምኝው ሰው አለሽ?»

ስልኬ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ወንድሜም ሰምቷል። ከአግዳሚው ተነስቶ ቀረበኝ፤ ደረቱን መታ፣ «እኔ አለሁ በያቸው፣ አሁን በእውነት እለካለሁ፣ በአባታችን አጥንት» አለኝ በሹክሹክታ። ዓይኑ ቀልቷል። በዕድሜዬ ለምኖኝ አያውቅም ነበር።

ቀና ብዬ አየሁት።

«የለኝም» አልኳቸው።