«ልጄ» የማትባለው ልጅ

«አንች እኮ የተማርሽው አፍሽን ለመክፈት ነው» አለችኝ አክስቴ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች። ያልኳት ነገር አንድ ነው፤ «ልጅሽ ተሰርቃለች፤ እሪ በይ።»

ከደብረ ታቦር ለክረምት እረፍት ቁሐር ሚካኤል የገባሁ ሰሞን ነው። የክረምቱ ጎርፍ ውሃ ሜዳውን ውጦት ነበር። ጧት ስነሳ ሰማዩ ከደጃፋችን ይጀምራል። ከብቶቹ እግር የላቸውም፤ የጣራ ገዳም ተራራም ከሥሩ ተነቅሎ ጉም ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል።

የአክስቴ የአራት ዓመት ልጅ የጠፋችው እንዲህ ባለው ጧት ነው። እሪ የሚል ግን አልነበረም። አክስቴ ከሷ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራለች። ስለዚህ ይችን በተወለደች በሳምንቷ መካን ለሆነችው ጎረቤታችን በአንድ ጭብጥ ጨው «ሸጠቻት»፤ ሞት የሷ መሆኗን እንዳያውቅባት። ጡት ያጠባቻት፣ ያሳደገቻት አክስቴ ራሷ ናት፤ ግን ሰባት ዓመት እስኪሞላት «ልጄ» አትላትም፤ «የጎረቤት ልጅ» ነው የምትላት። እኔ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ጎረቤቲቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንበሳሜ ዘመዶቿ ጋ ልትገባ ዕቃዋን ስትጠቀልል ሰንብታለች። ያን ጧት ቤቷ ተዘግቶ አገኘነው።

«እሪ ብል ሞት ይሰማኛል» አለች አክስቴ።

«ዝም ብትይስ ማን ይሰማሻል?»

ቀሚሴን ሰብስቤ መኪና ወደሚገኝበት ወደ ወረታ መንገድ ጀመርኩ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ለብ ያለ ነው። የምራመድ አይመስለኝም፤ ሜዳው ነው በእግሬ ሥር ቀስ እያለ የሚያልፈው። ዞር ስል አክስቴ ከኋላዬ ናት፤ ጉሙ ውስጥ ነጠላዋ ብቻ ይታየኛል።

ጎረቤቲቱን ወረታ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አገኘናት። ወደ አንበሳሜ መሸጋገሪያዋ ወደ ሐሙሲት የሚሄደውን የጭነት መኪና ትጠብቃለች። ልጅቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትቆረጥማለች።

«የሰው ልጅ ይዘው ወዴት ነው አንቱ?» አልኳት።

«የገዛሁትን ነው የያዝኩ።»

«ጭብጥ ጨው ነው የሰጡ።»

«ጨውማ ነው። በልታችሁታል።» ወደ አክስቴ አልዞረችም። «እናት ካላት ትምጣና በአፏ ትናገራ።»

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቱን አወጣ። «ወላሂ፣ እኔ የሷ ልጅ መስላኝ ነው። አንች ነሽ እንዴ እናቷ?» አላት አክስቴን።

አክስቴ መሬት መሬት አየች። መኪናው መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ ጆንያዎቹን መጫን ጀመረ። ሴትዮዋ ልጅቱን ብብቷ ሥር ይዛ አነሳቻት። የአክስቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ሴትዮዋ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች።

«ልጄ ናት» አለች አክስቴ።

ሁላችንም ሰማናት። ሴትዮዋ እግሯን መለሰች። ልጅቱን መሬት አቁማ የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለችላት፤ ከአፏ ዙሪያ የሽምብራውን ዱቄት በአውራ ጣቷ ጠረገችላት።

«አንችው ተናገርሽ» አለቻት። «እንግዲህ ሞት ቢሰማሽ እኔ የለሁበትም።»

አክስቴ ልጅቱን ለመንካት እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። እኔ ጎንበስ ብዬ አዘልኳትና ወደ ውሃው ገባሁ።