አማርኛ የሚችለው ፈረንጅና የአባቴ ሲትዝንሺፕ

አማርኛ የሚችል ፈረንጅ ሲያዩ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። ቪዲዮውን እየተቀባበሉ በሳቅ ይሞታሉ። እኔ ገና «እንደምን አለሽ» ሲል ነው ሆዴ የሚፈራው። ማን አስተማረው? ለምን ብሎ ተማረው? ኤርፖርት አብረውኝ ዊልቸር የሚገፉት ልጆች «አንቺ እኮ የራስሽን ጥላ አታምኚም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አላምንም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት አባቴ ከላይብረሪ ተመልሶ በሩን ገና ሳይዘጋ «ፈረንጁ አማርኛ ይናገራል! ያውም የወልድያ አማርኛ!» ሲለኝ፣ እንደ እሱ አልፈነጠዝኩም። የያዝኩትን ማንኪያ አስቀምጬ «ምን ምን ጠየቀህ?» አልኩት።

አባቴ ደሴ ውስጥ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። እኔው አመጣሁት፤ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ባለችው ባለሁለት መኝታ አፓርታማዬ አብረን እንኖራለን። ኩላሊቶቹ ከሥራ ውጪ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ባያደርግ አይኖርም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ታዲያ በዚያን ሰሞን ኤርፖርት የእረፍት ክፍላችን ውስጥ ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ። እከሌን ያዙት፣ የእከሌን እናት መለሷት፣ ከእንግዲህ ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። ግማሹ ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። አባቴን ቢመልሱት እጥበቱን በየት በኩል ያገኛል? ሞቱ ነው። ስለዚህ ሲትዝን መሆን ነበረበት።

ሲትዝን ለመሆን ደግሞ አንዲት ክፉ ጥያቄ አለች። የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነህ ታውቃለህ ወይ ትላለች። ያ ሁሉ ፍጥጫ አልፎ፣ ሶቭየት የሚባል አገር ከካርታ ጠፍቶ፣ እነሱ አሁንም ይጠይቃሉ። አባቴ ደግሞ በደርግ ጊዜ አባል ነበር። ዳይሬክተር ሆኖ ያልገባ ማን አለ? «ተገዶ ነው» እያልኩ ነው ያደግኩት፤ ለጓደኞቼም፣ ለአማቶቼም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ማመልከቻውን ስሞላለት ታዲያ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ማን ሊያውቅ?

ይህን ባደረግኩ በወሩ ነው እንግዲህ አማርኛ የሚችል ፈረንጅ ከተፍ ያለው። አባቴ እንደነገረኝ ሰውዬው ጡረተኛ ነው፤ በንጉሡ ዘመን ለማስተማር ከመጡት አሜሪካውያን ወጣቶች አንዱ ነበር። አሁን ላይብረሪ ውስጥ ሽማግሌዎችን በነጻ ለሲትዝንሺፕ ፈተና ያዘጋጃል። የሚኖረው ኮረብታ ላይ በተሠራው የባለጸጋ ጡረተኞች ሰፈር ነው። እስቲ አስቡት! ጎልፉንና ዋናውን ትቶ፣ ከተማውን ከዳር ዳር አቋርጦ፣ የሜክሲኮና የፊሊፒንስ አሮጊቶችን እና የእኔን አባት በነጻ ሊያስተምር ይመጣል። ነገር ሸተተኝ።

ሺፍቴን ቀይሬ በሚቀጥለው ጊዜ አብሬው ሄድኩ። መጽሔት ገልጬ ከጀርባቸው ተቀመጥኩ፤ አንድም ፊደል አላነበብኩም። ሽማግሌው ቀጭን ነው፤ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ። አባቴን «ጋሼ» ይለዋል። ጋሼ! እሱ ራሱ እኮ በዕድሜ ይበልጠዋል።

«በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ከተዋጋቻቸው ጦርነቶች አንዱን ይጥቀሱ» አለው።

«ኮሪያ» አለ አባቴ። «እኛም ነበርን።»

«ልክ ነዎት፣ እናንተም ነበራችሁ። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜስ የአሜሪካ ዋና ስጋት ምን ነበር?»

«ኮሙኒዝም!»

ሽማግሌው ሳቁ አመለጠው። «ስጋታችን እርስዎ ነበሩ ማለት ነዋ!» አለ። አባቴም አብሮት ተንፈቀፈቀ።

ክው አልኩ። ነግሮታል! ማመልከቻው ላይ የካድነውን ነገር ከፈረንጅ ጋር በተዋወቀ በሁለተኛው ሳምንት ዘርግፎለታል። አይ አባዬ!

ትምህርቱ ሲያልቅ ሽማግሌውን ፓርኪንጉ ውስጥ ቀደምኩት። ደሜ ፈልቷል፤ አንቱታውን ግን አልተውኩም፤ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። «ይንገሩኝ እስቲ፣ ጆሮ ጠቢ ነዎት?» አልኩት።

ቃሉን ያውቀዋል። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጥፍት አለ። «ወልድያ የነበሩት ተማሪዎቼም እንዲሁ ብለውኛል» አለኝ። «እኔ እዚያ የሄድኩት ወደ ቬትናም እንዳይልኩኝ ነበር። ያስተማርኳቸው ልጆች ግን ሰላይ፣ ወደ አገርህ ሂድ እያሉ በድንጋይ አባረሩኝ።»

«እኔም ደሴ ላይ ይህንኑ ጮኬያለሁ!» አለ አባቴ ከኋላዬ፣ እንደ ጎረምሳ እየሳቀ። አንጀቴን አሳረረው።

ሽማግሌው አልሳቀም። ያደገው እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው። ልጅ ሳሉ አስተማሪያቸው ወደ ሜዳ ታወጣቸውና በረሃው ላይ የሚፈነዳውን የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ብርሃን ታሳያቸው ነበር፤ መንግሥት ምንም አይነካችሁም ብሏል እየተባሉ። እናቱ በኋላ በካንሰር ሞተች። ከዚያ የመጣ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ እንደማያውቅ ነገረኝ።

«ስለዚህ መጠራጠርሽን አልነቅፍም» አለኝ። «ግን ስሚኝ። ያ አባልነት ድሮ የቀረ ነው፤ እንደማውቀው ለዚያ ብለው አይከለክሉትም። የሚጎዳው ማመልከቻው ላይ ያለው ውሸት ነው፤ አባትሽ ነግሮኛል። ወረቀቱን ደግሞ ኢንተርቪው ላይ ማስተካከል ይቻላል። ካላመንሽኝ ጠበቃ ጠይቂ።»

ሰዎች እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነቱን ተናገር፣ ምንም አትሆንም። የእኛ አገር መርማሪም የሚለው ይህንኑ ነበር። የቬትናሙም፣ የእናቱም ታሪክ እንድናምነው የተዘጋጀ መሰለኝ። ጠበቃም አልጠየቅኩም፤ ጠበቃውስ የማን ሰው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አባቴን ይዤው ሄድኩ፤ ሁለተኛም ላይብረሪ እንዳይደርስ ከለከልኩት። ጥያቄዎቹን እኔው እቤት አስጠናሁት። ያቺ ጥያቄ ላይ ስንደርስ «የለም ትላለህ» እለዋለሁ። «እሺ» ይለኛል። «ወረቀቱ የለም ብሎ አንተ አዎ ካልክ ውሸታም ነህ ብለው ይይዙሃል። ያኔ እጥበት የለም፣ ምንም የለም። ገብቶሃል?» «ገብቶኛል ልጄ።» አባቴ ሳይከራከረኝ ሲቀር ደግሞ እሱንም እጠረጥረዋለሁ።

የኢንተርቪው ቀን ኮቱን ለብሶ፣ የዳይሬክተር እንግሊዝኛውን ተማምኖ ብቻውን ገባ። እኔ መጠበቂያው ክፍል ቀረሁ። የጥበቃው ሰውዬ ሁለቴ ሲያየኝ፣ ነገሩ አልቆ ሊመጡብኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አቀፍኩ። አባቴ ሲወጣ ፊቱ ምንም አይነግርም። እስክንወጣ አፌን አልከፈትኩም፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ግድግዳውም ይሰማል። መኪና ውስጥ ገብተን መስኮቱን ዘጋሁ።

«አለፍኩ» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ!» እጁን ይዤ ሳምኩት። እንባዬ መጣ። «ስለ ፓርቲው ጠየቁህ?»

«ጠየቀችኝ። አዎ፣ ነበርኩ አልኳት።»

እጁን ለቀቅኩት። «ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ የለም ይላል አለችኝ። ስህተት ነው፣ አስተካክዪልኝ አልኳት። በቀይ እስክሪብቶ አስተካከለችው።»

«ያ አላህ! በቃ? ሌላ አልጠየቀችህም?»

«ተገደህ ነው ወይ አለችኝ።»

ተነፈስኩ። «እሱማ ቀላል ነው።»

«የለም፣ አምኜበት ነው የገባሁት አልኳት» አለ አባቴ፤ የኮቱን ቁልፍ እየፈታ። «ወጣት ነበርኩ። ድሃው የሚያልፍለት መስሎኝ ነበር። ሰው ጎድተሃል ወይ አለችኝ። በእጄ አልጎዳሁም፤ ሲጎዱ ግን ዝም ብያለሁ አልኳት። ትንሽ ጻፈችና የባንዲራው ኮከቦች ስንት ናቸው አለችኝ።»

ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። ሲትዝን ሊሆን ነው፣ እጥበቱም አይቋረጥም፤ መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ተቃጠልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ተገዶ ነው ተገዶ ነው እያልኩ የተሟገትኩለት ሰው እንግዲህ ማን ነው?

«ለእኔ ያልነገርከኝን» አልኩት፣ «አይተሃት ለማታውቃት ሴት ትነግራታለህ?»

አባቴ ቀበቶውን አሰረና ወደ እኔ ዞረ።

«እሷ ጠየቀችኛ» አለኝ። «አንቺ መቼ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»